በረዶ ላይ ነድቼ አላውቅም፣ መኪናዬን ምን ላድርጋት?

ሰላም ለሁላችሁም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለስራ ወደማላውቀው አካባቢ በመኪና ልሄድ ነው፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ይገባል አሉኝ። ጎማዎቼ አዲስ ናቸው ግን የበጋ ናቸው፣ የፊት ሁለቱን ብቻ ብቀይር ይበቃል? ልጆቼም አብረውኝ ስላሉ በጣም ፈርቻለሁ።

መልስ 1፦ እህቴ አራቱንም ቀይሪ!! የፊቱ ይዞ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናዋ ትዞርብሻለች። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ ይጠነክራል፣ አዲስ መሆኑ አያድንሽም። የጎማውን ንፋስም እዛ ስትደርሺ ጠዋት ሳትነጂ አስለኪው፣ በብርድ ይቀንሳል።

መልስ 2፦ ባትሪውንም አስፈትሺ፣ ብርድ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ራዲያተሩ ውስጥ ንጹህ ውሃ ብቻ ካለ ደግሞ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ግማሽ አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) ግማሽ ውሃ ይሁን። የመስታወት ማጠቢያውንም እንዳትረሺ፣ እኔ ተራ ውሃ ሞልቼ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ጭቃውን ሲረጭብኝ ብጫነው ብጫነው ምንም የለም፣ መስኮት ከፍቼ አንገቴን አውጥቼ ነው ዳር የያዝኩት።

መልስ 3፦ ብርድ ልብስ፣ ውሃና አካፋ ያዢ፣ ነዳጅም ከግማሽ አይውረድ። በረዶ ውስጥ ቆመሽ ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ግን ጭስ ማውጫውን ጥረጊ በናትሽ፣ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታም የለው። ድልድይ ላይ ቀስ በይ፣ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ነው በረዶ የሚይዘው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ አራቱንም አስቀይራለሁ።