ጌታን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ፣ ድሬ ግን አሁንም በድሮ ስሜ ነው የምትጠራኝ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሰፈር ውስጥ «ጀዝባው» ካላላችሁ ማንም አያውቀኝም። ጠዋት ሐራራ፣ ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ፤ ወጣትነቴ እንዲሁ አለቀ። በመሃል ከሰው የወሰድኩት ብድርም አለ። ከዚያ ጌታ አገኘኝ። ጫቱንም መጠጡንም ተውኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አሁን መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ።

ከዚራ ላይ የድሮ ጓደኞቼ ሲያዩኝ «ጀዝባው፣ ፓስተር ሆንክ አሉ» ይሉኛል። እሱን እችለዋለሁ። የከበደኝ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። የወጣቶች ፕሮግራም በመጣ ቁጥር «ምስክርነት ስጥ» እባላለሁ፣ ማይኩን ስይዝ ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው የጫቱን ወሬ ነው። ዛሬ እግዚአብሔር ምን እያስተማረኝ እንደሆነ ስጀምር ዓይናቸው ወደ ስልካቸው ይሄዳል። በክርስቶስ የሆነ ሁሉ አዲስ ፍጥረት እንደሆነ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17 ላይ አንብቤ አምኛለሁ። ግን ሰፈሩም ቤተ ክርስቲያኑም በአሮጌው ሰው ካወቁኝ፣ አዲሱን የሚያውቀው ማነው? በዚህ ያለፈ ካለ ይምከረኝ።

የለገሃር ልጅ፦
አቦ ወንድሜ፣ እንኳን ጌታ አገኘህ! ስለ ማይኩ ልንገርህ፦ እምቢ ማለት ትችላለህ። ምስክርነትህ የፕሮግራም ማሟያ አይደለም። መሪህን ለብቻው አግኘውና «ስለ ድሮዬ ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ለጊዜው ይቅርብኝ» በለው። ደግሞ ስለ በርጫው በዝርዝር ስታወራ፣ ጫት ካቆመ ሳምንት ያልሞላው ልጅ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ሐራራው ይነሳበታል።

ድሮህን ግን ካድ እያልኩህ አይደለም። ማርቆስና ሉቃስ የሐዋርያትን ስም ሲዘረዝሩ «ማቴዎስ» ብለው ብቻ አለፉ። «ቀራጩ» የሚለውን የምታገኘው በራሱ በማቴዎስ ወንጌል ነው፣ 10፥3 ላይ። ሰው ራሱ ወዶ ሲናገረውና ሌላው ሲለጥፍበት አንድ አይደለም።

እህተ ገብርኤል፦
እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን ጥያቄህ ሁላችንንም ይመለከታል። ሙሴ ጸሊምን ታውቀዋለህ? ሰኔ 24 የምናስበው ቅዱስ ነው። የሽፍታ አለቃ ነበር፣ ሰው ይፈራው ነበር፣ በኋላ ግብጽ ውስጥ አስቄጥስ በረሃ ገብቶ መነኮሰ። አንድ ቀን አንድ መነኩሴ አጥፍቶ እንዲፈርዱበት አባቶች ሲሰበሰቡ እሱንም ጠሩት። የተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ፣ አሸዋው እየፈሰሰ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ ይፈሳል እኔ አላየውም፣ በሌላው ልፈርድ ግን መጣሁ አላቸው። ያንን ወንድም ይቅር አሉት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ፣ ያለፈ ሕይወቱን የሰው ወሬ ማድመቂያ አላደረገውም፣ አልደበቀውምም፣ የወደቀ ሰው ሊያድንበት ነው ያወጣው። አንተም እንዲህ ዓይነት ጊዜ ሲመጣ ብቻ ተናገር።

ታላቅ እህት፦
እኔ ደግሞ በቤተሰብ በኩል ልናገር። ወንድሜ ልክ እንዳንተ ነበር። የእናቴን ወርቅ ሸጦባታል። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ቤት ሲመለስ ሁላችንም አለቀስን፣ እናቴ ግን የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ስትተኛም አታወልቀውም። እሱ ያያል። አንድም ቀን «አሁንም አታምኑኝም?» አላለም። ደመወዙን ሲቀበል የአስቤዛውን እጇ ላይ ያኖራል፣ ወጥቶ ይሄዳል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቁልፉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት፣ ማንም ስለሱ አላወራም።

የሐዋርያት ሥራ 9፥26ን ተመልከት። ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው አላመኑትም፣ ፈሩት። በርናባስ ነው ይዞት የገባው። የተጎዳ ሰው ጊዜ ቢወስድ አትፍረድበት ወንድሜ። ብድር አለ ብለህ ደግሞ ዝም ብለህ አለፍከው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው። አንተ ያለብህ የማን ነው?

የሳቢያን ልጅ፦
እህቴ፣ ልክ ቦታው ላይ ነው የነካሽኝ። ቀፊራ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። እናቴ ታማለች ብዬ ለመድኃኒት ወሰድኩባቸው። እናቴ ደህና ነበረች። ስንት ጊዜ ስለሷ ጠየቁኝ። እስካሁን በሱቃቸው በኩል አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። አሁን ብሩን አጠራቅሜያለሁ። ግን ሙስሊም ናቸው፣ ስለ ጌታ ላውራቸው ወይስ ብሩን ሰጥቼ ልውጣ?

የለገሃር ልጅ፦
ብሩ ይቅደም። «ዋሽቼዎት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ» በላቸው፤ «እናቴ ታማለች» የሚለውን ውሸት በግልጽ አንሳው፣ አትሸፋፍነው። ቢቆጡ አትመልስ፣ መብታቸው ነው። ምን አመጣህ ብለው ከጠየቁህ ያኔ ስለ ጌታ ንገራቸው፤ ካልጠየቁህ አመስግነህ ውጣ። ዓርብ አትሂድ፣ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሳይሞቅ ይሻላል። እኔ ቅዳሜ ቀፊራ አልጠፋም፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና እስከ ሱቁ አብሬህ እሄዳለሁ። ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርገው፣ ደንበኛ ፊት አትቁጠርላቸው።