ያገለገለ ላፕቶፕ በቴሌግራም ስሸጥ እንዳልጭበረበር ምን ላድርግ? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሰላም ወገን። አንድ ገዥ «ኮምቦልቻ ነኝ፣ ብሩን በቴሌብር ልላክልህና ላፕቶፑን ለሚኒባስ ሾፌር ስጥልኝ» ይላል። ልስማማ?

ወሎየው፦ ኧረ እንዳትቸኩል ወንድሜ! የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር ከመጣ ውሸት ነው። ስክሪንሾትማ በ2 ደቂቃ ይቀናበራል። ከሽያጩ በፊት ቀሪ ሂሳብህን ወረቀት ላይ ጻፍ። 3,460 ብር ከነበረህና 18,000 ላክሁ ካለህ፣ *127# ደውለህ ወይም መተግበሪያውን ራስህ ከፍተህ 21,460 ማየት አለብህ። ካልሞላ «ኔትወርክ ነው» ቢልህም ዕቃው ከእጅህ አይውጣ። መልእክቱን እንጂ ሂሳቡን ስለማያዩ ነው ብዙዎች የሚበሉት።

እህተ ማርያም፦ «በስህተት ትርፍ ገባብህ፣ መልስልኝ» ካለም ያው ዘዴ ነው፤ መጀመሪያ ሂሳቡን እይ። ደግሞ ብር ለመቀበል ፒንም ሆነ በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር አያስፈልግም። ከጠየቀህ ዝጋው።

አብሽር፦ ኮምቦልቻ እኮ ቅርብ ናት፣ የምር ገዥ መጥቶ ያያል። በሥራ ሰዓት ባንክ ውስጥ ተገናኙ፤ በጥሬው ከከፈለ እዚያው መስኮት ላይ አስገባው፣ ሐሰተኛ ኖት ካለ ገንዘብ ያዡ ይለየዋል። የመታወቂያውን ፎቶ ይዘህ፣ የላፕቶፑን ሴሪያል ቁጥር የጻፍክበት ውል ተፈራረሙ። ከማስረከብህ በፊት ከጂሜይልና ከቴሌግራም ውጣ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይልም ሁሉ አጥፋ።