መብራት ሲጠፋ የማታ ወተት ማቀዝቀዝ፦ ባትሪ ወይስ በረዶ?

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ ቱላ አካባቢ)
ጤና ይስጥልኝ። 26 የሚታለቡ ላሞች አሉኝ፤ በቀን ከማገኘው 400 ሊትር ወተት ግማሹ የማታ ነው። ባለፈው ሳምንት ምሽት 12 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ፤ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያማስሉ ቢያድሩም፣ ጠዋት ወተቱ በአልኮል ምርመራ (ወተት ከአልኮል ጋር ተቀላቅሎ መበላሸት አለመበላሸቱ በሚታይበት) ስለረጋ ተቀባዩ ሳይወስደው ቀረ። የሶላር ነጋዴ ማቀዝቀዣውን በሙሉ የሚያንቀሳቅስ ባትሪ እንድገዛ መክሮኛል፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ (የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ)
አለ፤ ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ ያከማቹ። 200 ሊትር ወተትን ከ35 ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት (25 ሺህ ኪሎጁል ገደማ) የሚጠጋ ሙቀት መውጣት አለበት፤ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ስለሚወስድ፣ 75 ኪሎ በረዶ ይበቃዎታል፤ ለብክነቱ ሲሉ 100 ያድርጉት። መብራት ወይም ፀሐይ ባለበት ሰዓት ኮምፕሬሰሩ (ቅዝቃዜውን የሚፈጥረው የማቀዝቀዣው ሞተር) በውኃ ገንዳ ውስጥ በተጠመዘዙ ቱቦዎች ላይ በረዶ ይሠራል፤ ማታ የቀዘቀዘውን ውኃ የሚያዞረው ትንሽ ፓምፕና የወተቱ ማማሰያ ብቻ ይሠራሉ። እነዚህ የሚፈልጉት ጥቂት መቶ ዋት ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ይችላቸዋል። ኮምፕሬሰር ግን ሲነሳ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ትልቅ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ መደበኛ መብራት አድርጎ የሚቀይር መሣሪያ) ያስገዛል፤ ነጋዴው የጠራልዎት ዋጋ የናረውም በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በረዶው ከልክ በላይ ሲወፍር ራሱ ቅዝቃዜውን ስለሚከልል፣ ውፍረቱን ለክቶ ኮምፕሬሰሩን የሚያቆም ሴንሰር አይርሱ።

መልስ (ወተት አምራች፣ ሐዋሳ)
ወንድሜ፣ የደረሰብዎት በእኔም ደርሶ ስለነበር ሕመሙ ይገባኛል። ከበረዶው በፊት ግን የጉድጓድ ውኃዎን ይጠቀሙ። እኔ ወተቱ ወደ ታንኩ ከመግባቱ በፊት ውኃ በሚያልፍበት የብረት ሳህን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳልፈዋለሁ፤ ውኃው 22 ዲግሪ ሲሆን ወተቱ ወደ 25 ይወርዳል፤ ይህም የሥራውን አንድ ሦስተኛ ያህል ያቃልላል። ለብ ብሎ የሚወጣውን ውኃ ላሞቹ ይጠጡታል። በሑዳዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወተት ታንክ ውስጥ ስለሚቆይ፣ የበረዶውን መጠን ያንን ጊዜ አስበው ይወስኑ።

መልስ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ)
የመኖ መቆራረጫው፣ የውኃ ፓምፑና ኮምፕሬሰሩ በአንድ ጊዜ እንዳይነሱ በየተራ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ ይግጠሙ፤ መቆራረጫው ቀትር ላይ፣ የሶላሩ ኃይል ሲበረታ ይሥራ። ባትሪውን ሊቲየም አይረን ፎስፌት ያድርጉት፤ የእርሳስ ባትሪ በየዕለቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ክረምት ደመና ስለሚበዛ የሶላሩን ብዛት በሰኔና ሐምሌ ብርሃን ልክ ያስሉ፤ ጄኔሬተሩንም አስጠግነው ያቆዩት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ንጋት ላይ የጉድጓዱን ውኃ በቴርሞሜትር ስለካ 21 ዲግሪ ሆነ፤ ስለዚህ ከሳህኑ እጀምራለሁ። የበረዶውን ገንዳ የሚሠራ ብየዳ ቤት ካገኘሁ በኋላ የቱቦውን ርዝመት ይዤ እመለሳለሁ።