«መዝግብ» ወይስ «ይመዝግቡ»? ከማሕሙድ ዳርዊሽ ግጥም የተነሣ ጥያቄ

እንዝርት፦
ሰላም ለቤቱ። የፍልስጤማዊውን ባለቅኔ የማሕሙድ ዳርዊሽን «ቢጣቀት ሁዊያ» («የማንነት ካርድ») ወደ አማርኛ ስመልስ የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆምኩ። ግጥሙ የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. «የወይራ ቅጠሎች» በተባለው መድበሉ ነው። አንድ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ከእስራኤል መንግሥት ጸሐፊ ፊት ቆሞ «ሰጂል! አነ ዐረቢ» ይላል። «ዐረብ ነኝ» የሚለው አላስቸገረኝም። «ሰጂል»ን ግን «ጻፍ» ልበለው «መዝግብ»? ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ በእኛ ወግ ጉዳይ ሊያስፈጽም የገባ ሰው ጸሐፊውን «አንተ» አይልም። «ይመዝግቡ» ቢባልስ?

የቀለም ቀንድ፦
«መዝግብ» በለው። «ሰጂል» እና «ሲጂል» በአረብኛ እንደ እኛ «መዝግብ» እና «መዝገብ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «ጻፍ» ካልን መዝገቡ ይጠፋል፤ የግጥሙ ጠብ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ነው።

የሰውየውን ታሪክ አስበው። ዳርዊሽ በ1941 በገሊላ፣ ከአካ በስተ ምሥራቅ ባለችው አል ቢርዋ ተወለደ። በ1948 ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ። ዓመት ያህል ቆይተው በድብቅ ቢመለሱ መንደሪቱ ፈርሳ ጠበቀቻቸው። ሕዝብ ሲቆጠር እነሱ አገር ውስጥ ስላልነበሩ ከመዝገብ ውጭ ቀሩ። እንደነሱ ላሉት የወጣው መጠሪያ «የተገኘ ቀሪ» እንደ ማለት ነው፤ በአካል አለ፣ በሕግ ዓይን ግን የለም። እስራኤል ውስጥ የቀሩት ዐረቦች እስከ 1966 ድረስ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ስለነበሩ ከመንደር መንደር ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር። እንግዲህ በየቀኑ «ወረቀትህን አምጣ» የሚባል ሰው ነው ተነሥቶ «መዝግብ!» የሚለው። እድሜ ልኩን ሲታዘዝ የኖረ እዚህ ላይ ያዝዛል። «ይመዝግቡ» ካልን ግጥሙ ማመልከቻ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ግጥሙ ራሱም ይመሰክራል። ዝቅ ብሎ «ከደጃፍህ ምጽዋት አልለምንም፣ በደፍህም ፊት አላንስም» የሚል ቃል አለው። ደጅ አልጠናም ማለቱ ነው። ደጅ የማይጠና ሰው በምን አንደበቱ «ይመዝግቡ» ይላል?

ከወደ ሐይፋ፦
እኔ የምኖረው ዳርዊሽ በወጣትነቱ «አል ኢቲሓድ» ጋዜጣ ላይ በሠራበት፣ ከቤት እንዳይወጣም በታገደበት ከተማ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። አረብኛውም ዕብራይስጡም እንደ እኛ «አንተ» እና «አንቱ» ብሎ አይለይም። ስለዚህ «ሰጂል» በራሱ ስድብም ትሕትናም የለውም። አማርኛ ሲሆን ግን ተርጓሚው ሳይወድ በግድ ይመርጣል። በአማርኛ ክብር በግሱ ላይ ተጽፎ ይገኛልና ከዚህ ማምለጥ አይቻልም። «አንቱ የተባለ ሰው» የምንለው በከንቱ አይደለም።

ይህ ነገር ለእኔ ሩቅ አይደለም። አያቴ በ1980ዎቹ ከጎንደር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ የተቀበላቸው ወጣት ጸሐፊ ስማቸው አልጨበጥ ስላለው ሌላ ስም ጻፈላቸው። የልጅ ልጁ የሚያክል ሰው «አንቺ» አላቸው፤ ቋንቋው ሌላ ስለሌለው እሱን አልወቅስበትም። ስሙን ግን እወቅስበታለሁ። መታወቂያቸው ላይ እስከ ዛሬ ያለው የጸሐፊው ስም ነው፤ ከቤተሰብ ማንም በዚያ ጠርቷቸው አያውቅም። ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። «ሰጂል»ን መጀመሪያ ሳነብ የታየኝ ያ ጠረጴዛ ነው። ባለመዝገቡ ጸሐፊው ሳይሆን ቆሞ የሚናገረው ሰው ቢሆን ብዬ።

ስለዚህ እኔም ከ«መዝግብ» ጋር ነኝ።

ዘጅዳ፦
የቀለም ቀንድ ያለውን በሌላ መንገድ ላስረዳ። የግጥሙ ስንኞች ከቅጹ የወጡ ናቸው። ቁጥር፦ ሃምሳ ሺህ። ልጆች፦ ስምንት፣ ዘጠነኛው ከበጋ በኋላ ይመጣል። የጸጉር ቀለም፦ ከሰል። የዓይን ቀለም፦ ቡና። አድራሻ፦ የተረሳች መንደር፣ መንገዶቿ ስም የሌላቸው። ጸሐፊው ሳይጠይቀው ሰውየው ራሱ ይሞላዋል፤ እየሞላም ቅጹን ከውስጡ ያፈነዳዋል። ለዚህ ነው በአማርኛ «ከሰው ቆጠረው» የሚለው አነጋገር ትዝ የሚለኝ። እኛ ሰውን ማክበርን «መቁጠር» እንላለን፤ እዚያ ደግሞ ቁጥር ሰጥተውት ከሰው ሳይቆጥሩት ቀሩ።

አሁን እኔም ጥያቄ አለኝ። «አነ ኢስም ቢላ ለቀብ» የሚለውን እንዴት አደረግከው? «ለቀብ» በአረብኛ የቤተሰብ መጠሪያም፣ ቅጽል ስምም፣ ማዕረግም ይሆናል።

እንዝርት፦
«የቤተሰብ ስም የሌለኝ ስም ነኝ» ብዬው ነበር።

ዘጅዳ፦
ይህ ለሐበሻ አንባቢ ምንም አይለውም። እኛ ሁላችን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንና የአባታችን ስም ነው ያለን። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ያለው ቅጽ ስንሞላ የአያታችንን ስም የምናስገባው ለዚህ ነው። የቤተሰብ ስም ማጣት ለእኛ ማነስ አይደለም። «ማዕረግ የሌለው ስም ነኝ» ብትለው ግን ይሰማል፤ «አቶ» ያልተባለ፣ «አንቱ» ያልተባለ። ከ«መዝግብ» ጋርም ይገጥማል፤ ማዕረግ ያልሰጡት ሰው ማዕረግ አይሰጥም።

እንዝርት፦
ይሄ ገባኝ፤ አስተካክዬዋለሁ። አርዕስቱንም «የማንነት ካርድ» ከማለት «መታወቂያ» አድርጌዋለሁ፤ ሰው በአፉ የሚለው እሱን ነው።

ሌላም ነገር ልጠይቅ። ዳርዊሽ በኋላ በዐረብ አገሮች መድረክ ላይ ይህን ግጥም አንብብልን ሲሉት እምቢ ይል ነበር ይባላል። እውነት ነው?

የቀለም ቀንድ፦
እውነት ነው፤ ምክንያቱንም ተናግሯል። ለእስራኤላዊ ሹም «ዐረብ ነኝ» ማለት ትርጉም አለው፤ ለዐረብ ጉባኤ «ዐረብ ነኝ» ማለት ግን ምን ይባላል? ይህን ከልብ አከብርለታለሁ። ጭብጨባውን ብቻ ቢፈልግ ያንኑ ግጥም እያነበበ ይኖር ነበር። እሱ ግን በካይሮ፣ በቤይሩት፣ በፓሪስ ሲሰደድ ግጥሙም እየተለወጠ ሄደ። በ1988 አልጀርስ ላይ የታወጀውን የፍልስጤም የነጻነት መግለጫ የጻፈው እሱ ነው፤ «ሰብአዊ ክብራቸው» የሚለው ቃልም እዚያ ውስጥ በግልጥ አለ። በ1993 ደግሞ የኦስሎን ስምምነት ተቃውሞ ከፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለቀቀ።

የኋለኛውን ዳርዊሽ ማየት የፈለገ የ1995ቱን መድበል ያንብብ። በስደት መንገድ ላይ ልጅ አባቱን «ፈረሱን ብቻውን ለምን ተውከው?» ይለዋል። አባት «ቤቱን እንዲያጫውተው ነው ልጄ፤ ቤቶች ሰዎቻቸው ሲለዩአቸው ይሞታሉ» ይላል። በአረብኛ «በይት» ቤትም የግጥም መስመርም ነው። የእኛም ቅኔ በ«ቤት» ይቆጠራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ግጥምም ቤት ይመታል። ይህን ስንኝ ያለ ምንም ማብራሪያ የሚቀበል ቋንቋ ብዙ አይገኝም።

ከወደ ሐይፋ፦
ወደ «መታወቂያ» ልመልሳችሁ። አያቱን «ፈላሕ» ይላል፤ ዘርና የዘር ሐረግ የሌለው አራሽ። እንዝርት ምን አልከው?

እንዝርት፦
«ገበሬ»።

የቀለም ቀንድ፦
እኔ «ባላገር» እለዋለሁ። ባለ አገር ነዋ። የአያቶቹን ወይን፣ ከልጆቹ ጋር ያርስ የነበረውን መሬት እንደወሰዱበት ለጸሐፊው በቃሉ የሚነግር ሰው ነው። አገሩ የተወሰደበትን ሰው አማርኛ «ባላገር» ሲለው፣ ቃሉ ራሱ ይሟገትለታል።

እንዝርት፦
ከተማ ውስጥ ግን «ባላገር» መናቂያ ሆኗል። አንባቢ መጀመሪያ የሚሰማው ንቀቱን ነው።

የቀለም ቀንድ፦
«ፈላሕ»ም በከተሜ አፍ እንዲሁ ነው። ባለቅኔው ቃሉን የመረጠው ንቀቱን እያወቀ ነው።

ዘጅዳ፦
እኔ አልተስማማሁም። «ሐሰብ» እና «ነሰብ» (የቤተሰብ ክብርና የዘር ሐረግ) ሲከተሉት «ባላገር» ከበደብኝ፤ በድሮው አማርኛ ባላገር ርስት ያለው ነው፣ ርስት ያለው ደግሞ ዘሩን ይቆጥራል። «ዘር ማንዘር የሌለው ባላገር» እርስ በርሱ ይጣላል። «አራሽ» በለው፤ አረብኛውም ከማረስ የመጣ ነው።

እንዝርት፦
ሁለቱንም ጽፌ ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ፤ ቤቱን የሚመታውን አያለሁ። የመጨረሻዎቹን ስንኞች፣ ስለ ረኃቡና ስለ ቁጣው የሚያስጠነቅቅባቸውን፣ ነገ እዚሁ አወጣቸዋለሁ። እዚያ ያለው «ሐዛሪ» «ተጠንቀቅ» ይሁን «ወዮልህ» ከአሁኑ አስቡበት።