ሲ1፣ ሲ ወይስ ሲኢ? የከባድ መኪና ላይሰንስ ልማር ብዬ ግራ ገባኝ

የቫኗ_ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። በርሚንግሃም ነው የምኖረው፣ ቫን ይዤ ፓርሰል አደርሳለሁ፣ ቫኑ 3.5 ቶን ስለሆነ በተራው የመኪና ላይሰንስ ነው የምነዳው። መንዳቱን እወደዋለሁ፣ የሚገለኝ ቀኑን ሙሉ ከመኪና መውረድ መውጣቱና የፍላት ደረጃው ነው፣ ክፍያው ደግሞ በፓርሰል ቁጥር ስለሆነ ስራ የቀዘቀዘ ሳምንት ናፍጣውን ስቀንስ የሚተርፈኝ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ሎሪ ልግባ ብዬ ቆርጫለሁ፣ ያልቆረጥኩት የትኛውን እንደምማር ነው። ሁለት ቦታ ደውዬ አንዱ ሲ1 ይበቃሻል ርካሽም ነው አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ቀጥታ ሲኢ ውሰጂ ጊዜሽን አታባክኚ አለኝ፣ ሁለቱም የሚሸጡትን ነው የሚያወሩት መሰለኝ። ላይሰንሴ ማንዋል ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሹ ገና ሪሴፕሽን (የት/ቤት የመጀመሪያው ዓመት) ነው፣ ባለቤቴ ናይት ሺፍት ስለሚሰራ ማታ ማታ እኔ ቤት መገኘት አለብኝ። ተሳቢ መንዳት ሳስበው ትንሽ ይጨንቀኛል ግን የሚያዋጣው እሱ ከሆነ እማራለሁ። ደግሞ ቲዮሪውን (የኮምፒውተሩን ፈተና) በአማርኛ መስማት ይቻላል ያለኝ ሰው አለ፣ እውነት ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጋሽ_ሾፌር፦
ልጄ እንኳን አሰብሽው። እኔ አገር ቤት የጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ እነዳ ነበር፣ እዚህም እንጀራዬ ይሄው ሆኖ ቀረ፣ እና የማውቀውን ልንገርሽ። ሲ1ን እርሺው። ሲ1 ማለት ከ3.5 እስከ 7.5 ቶን ብቻ ነው። ሲ ካለሽ ተሳቢ የሌለውን መኪና ሁሉ ትነጃለሽ፣ ባለ ሁለት አክስሉን 18 ቶን፣ ባለ ሦስቱን 26፣ ባለ አራት አክስሉን ገልባጭ 32 ቶን፣ ሰው ክላስ ቱ የሚለው እሱን ነው። ክላስ ዋን የሚሉት ደግሞ ሲኢ ነው፣ ተሳቢ የሚጎትተው፣ እስከ 44 ቶን። አሁን ልብ በይ፣ ሜዲካሉ ለሦስቱም አንድ ነው፣ ቲዮሪው አንድ ነው፣ ሲፒሲውም (ለክፍያ ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አንድ ነው። ቲዮሪው ላይ ከ100 ጥያቄ 85 ማግኘት አለብሽ፣ ሃዛርድ ፐርሴፕሽኑ (በቪዲዮ የመንገድ አደጋ ቀድሞ ማየቱ) ከ100 67፣ የሲፒሲው ኬዝ ስተዲ ከ50 40፣ ለሲ1 ነው ብሎ የሚቀንስልሽ የለም። የመንገዱ ፈተናም በስራ ቀን 115 ፓውንድ ነው የትኛውንም ብትወስጂ። የሚለየው የምትማሪበት መኪና ኪራይና የምትማሪው ቀን ብዛት ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ደክመሽ 7.5 ቶን ላይ ምን ያቆምሻል? ላይሰንሱም ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲ ያለፈ ሰው ሲ1 አብሮ ይሰጠዋል፣ ሲኢ ያለፈ ሁሉንም ያገኛል። ከ1997 በፊት የመኪና ላይሰንስ ያወጣ ሰው ደግሞ ሲ1 ላይሰንሱ ላይ በነጻ አለው፣ አንቺ በገንዘብሽ ገዝተሽ ከሱ ጋር ነው የምትሻሚው።

ሲ1 የሚያዋጣው ሰው አለ፣ አይ የለም አልልም። አምቡላንስ ላይ መስራት የሚፈልግ ሲ1 ይጠየቃል፣ ወይ ደግሞ አሁን የምትሰሪበት ድርጅት 7.5 ቶን መኪና አለን እኛ እንክፈልልሽ ካለሽ ተቀበይ። ከኪስሽ ከሆነ ግን አይሆንም።

ሌላ ይሄን ለሚያነብ ሰው፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቀየርም። አምስተኛ ይኑርህ ደረቅ ይኑርህ ነዋሪ ከሆንክ ለአንድ ዓመት ትንሽ መኪና ትነዳበታለህ እንጂ ሎሪ ለመንዳት መጀመሪያ የዚህን አገር የመኪና ላይሰንስ ማውጣት ነው። ልምዱ ግን አይጠፋም፣ ተሳቢ ወደኋላ ማስገባት የለመደ እጅ እዚህም ያው እጅ ነው።

ናይት_ትራንክ፦
ስለ ሲ1 ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ግን ሲ ላይም አትቁሚ እላለሁ፣ ቀጥታ ሲኢ። ድሮ መጀመሪያ ሲ አልፈሽ ነበር ወደ ሲኢ የምትሄጂው፣ ከኖቬምበር 2021 ወዲህ ያ ቀርቷል፣ ከመኪና ላይሰንስ ቀጥታ ሲኢ መፈተን ይቻላል። ሁለት ጊዜ ሰልጥኖ ሁለት ጊዜ ፈተና ከመክፈል አንዴ መገላገል አይሻልም?

ደግሞ ሰው ሲ ቀላል ነው ሲኢ ከባድ ነው ይላል፣ ፈተናው ላይ ይሁን እሺ፣ ስራው ላይ ግን እኔ እስከማየው ተገላቢጦሽ ነው። በክላስ ቱ ስፓርክሂል ውስጥ ግራና ቀኝ መኪና የቆመበት ጠባብ መንገድ ትገቢያለሽ፣ በቴይል ሊፍት (ከኋላ ወጥቶ በሚወርደው ማንሻ) ፓሌት ታወርጃለሽ፣ ፓሌቱ ደግሞ ዳገት ላይ በእጅ ነው የሚገፋው፣ ከዛ ቀጣዩ ደንበኛ፣ ከዛ ቀጣዩ፣ አሁን አድካሚ ነው ከምትይው ስራ ብዙም አይርቅም። ትራንኪንግ ከሆነ ከዲፖ ዲፖ ነው፣ ሞተርዌይ ትወጫለሽ፣ እዛ ስትደርሺ ተሳቢውን ፈትተሽ ሌላ ቀጥለሽ ትመለሻለሽ፣ እቃ የማትነኪበት ሌሊት ብዙ ነው። ያለሽበት ቦታ ደግሞ ለዚህ ስራ እንግሊዝ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ትልልቅ መጋዘን ያለበት ሃምስ ሆል አጠገብሽ ነው፣ እንደሱ ያሉት ዳቨንትሪና ማግና ፓርክም ሩቅ አይደሉም፣ ፊሊክስቶው ወደብ ከሚወርደው ኮንቴይነርም ብዙው በኤ14 መንገድ መጥቶ እዚሁ ሚድላንድስ ነው የሚራገፈው።

ሰዓቱን ግን አልደብቅሽም። ህጉ በቀን 9 ሰዓት መንዳት ነው፣ በሳምንት ሁለቴ 10 ይሆናል፣ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳሽ 45 ደቂቃ እረፍት። ይሄ መንዳቱ ብቻ ነው እንጂ ጭነት መጠበቁ ምናምኑ ሲደመር ቀኑ 13 ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ አንዳንድ ቀን እስከ 15 ህጉ ይፈቅዳል። ሲኢ ሁሉ መኪና ውስጥ ማደር አይደለም፣ ቀን ወጥተው ማታ ቤታቸው የሚገቡ አሉ፣ ግን ለአዲስ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ሌሊቱ ነው። ባልሽ ናይት ከሆነ እዚህ ጋር ነው ማሰብ ያለብሽ። ኢንሹራንሱም አለ፣ ሁለት ዓመት ልምድ ካለሽ ነው የምናስገባሽ የሚል ኤጀንሲ ሞልቷል፣ አዲስ ሰው የሚወስድ ድርጅት ራስሽ ደውለሽ ነው የምታገኚው።

እናት_በሎሪ፦
እህቴ እኔ የቆሻሻ መኪና ነው የምነዳው፣ ለካውንስል፣ በሲ። ናይት_ትራንክ ያለው ልክ ነው ግን ያንቺ ጥያቄ ውስጥ ትልቁ ነገር ማታ ቤት መገኘት አለብኝ ያልሽው ነው። የኔ ስራ ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምራል ከሰዓት ያልቃል፣ እቃ የሚጭኑት ሎደሮቹ ናቸው፣ እኔ መንዳት ነው። መንገዱ ጠባብ ነው እውነት ነው፣ ግን በየሳምንቱ ያው መንገድ ስለሆነ የትኛው ጥግ ላይ ምን እንደሚቆም ታውቂዋለሽ። የልጆችሽ ችግር የሚሆነው ጠዋቱ ነው፣ ባለቤትሽ ስንት ሰዓት ነው ከስራ የሚገባው? ልጆቹን ት/ቤት ማድረስ ከቻለ ሲ አንቺን ልክ ይሆንሻል፣ ካልቻለ የትኛውም ላይሰንስ አይፈታውም፣ መጀመሪያ እሱን ተነጋገሩበት።

ተሳቢ ያስጨንቀኛል ላልሽው ሲ ወስደሽ ብትጀምሪ የሚጠፋብሽ ነገር ትንሽ ነው። በኋላ ወደ ሲኢ ስትሄጂ ቲዮሪም ሲፒሲም አትደግሚም፣ የግቢው ሪቨርስና የመንገዱ ፈተና ብቻ ነው። አውቶማቲክ ሎሪ ላይ ብትፈተኚም አትስጊ፣ የመኪና ላይሰንስሽ ማንዋል ስለሆነ ሎሪውም ማንዋል ተብሎ ነው የሚጻፍልሽ፣ ስለዚህ በማርሽ ራስሽን አታስቸግሪ።

ቲዮሪ በአማርኛ የለም፣ ከ2014 ጀምሮ የሌላ አገር ቋንቋ ድምፅም አስተርጓሚም ቀርቷል። እንግሊዝኛው ግን የሚደጋገም ቃል ነው፣ አክስል፣ ታኮግራፍ፣ ኤር ብሬክ፣ የጭነት አስተሳሰር፣ እነሱን ካወቅሽ ጥያቄው ይገለጥልሻል። የሚጥለው ኬዝ ስተዲው ነው ምክንያቱም ረጅም ጽሁፍ አንብበሽ ነው የምትመልሽው፣ እሱ ላይ ጊዜ ስጪ። ቲዮሪ ካለፍሽ በኋላ ሁለት ዓመት ውስጥ የመንዳቱን ካልጨረስሽ ይቃጠላል።

አንድ በጣም የምለምንሽ ነገር፣ የደወልሽላቸው ሰዎች የራሳቸው መኪና ያላቸው ናቸው ወይስ ደላላ? ደላላው ገንዘብ ተቀብሎ ሌላ ቦታ ነው የሚልክሽ፣ ቀን ሲቀየር ወይ ስትወድቂ የሚያናግርሽ ሰው የለም። እኔ የማውቃት ልጅ ሙሉ ከፍላ ወራት ስትጠብቅ ኖራለች። ግቢው ሂጂና መኪናውን በአይንሽ እዪ፣ አስተማሪውን አናግሪ፣ ከወደቅሽ ለድጋሚ ፈተና የመኪና ኪራይ ስንት እንደሆነ በጽሁፍ ይስጡሽ። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ስኪልስ ቡትካምፕ የሚባለውን ስልጠና ጠይቂ፣ መንግሥት የሚከፍልበት ነው፣ ባካባቢሽ ለሎሪ ክፍት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

ናይት_ትራንክ፦
እናት_በሎሪ ካውንስል ስራ ማግኘት እኮ ቀላል አይደለም፣ ማስታወቂያው አልፎ አልፎ ነው የሚወጣው። ግን ሰዓቷን ካየነው ያንቺ ሀሳብ ለሷ ይሻላል፣ እቀበላለሁ። ገልባጭም አለ፣ የግንባታው ሳይት ማታ ስለሚዘጋ ቤት ነሽ። እና ላይሰንሱ ሳይደርስ የስራ ማስታወቂያዎቹን ተመልከቺ፣ ከቤትሽ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የቀን ሲ ስራ ማን ማን እንደሚያወጣና አዲስ ሰው እንደሚወስድ ደውለሽ አጣሪ።

የቫኗ_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ እርስዎም። ባለቤቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፣ ልጆቹን እኔ አደርሳለሁ ብሏል፣ ተነጋግረናል። ሲ ልወስድ ነው፣ ሲኢን ትንሹ ልጅ ከፍ ሲል አየዋለሁ። አንደኛው የደወልኩለት ቦታ ግቢያችሁ የት ነው ስለው ድምፁ ተቀየረ፣ ተውኩት። አሁን ፕሮቪዥናሉን (የሎሪ መለማመጃ ላይሰንሱን) ልሙላ ስል ዲ2 የሚባል ማመልከቻና ዲ4 የሚባል የሜዲካል ፎርም አለ፣ ሜዲካሉን የግድ ጂፒዬ (የተመዘገብኩበት ሐኪም) ነው የሚሞላው? ቀጠሮ ማግኘት መከራ ነው። መነጽርም አለኝ።

ጋሽ_ሾፌር፦
የግድ ጂፒሽ አይደለም ልጄ፣ የተመዘገበ ዶክተር ይሁን እንጂ ማንም ይሞላዋል፣ ለአሽከርካሪ ብቻ የሚሰሩ ክሊኒኮች አሉ ከጂፒው በርካሽ። መነጽሩ ችግር የለውም፣ በመነጽር ጥሩው አይን 6/7.5 ሌላው 6/60 ማየት አለበት፣ የአይኑን ክፍል ዶክተሩ ካልሞላው ኦፕቲሺያን ይሞላልሻል፣ ሳትሄጂ ጠይቂያቸው አለበለዚያ ሁለት ቦታ ትመላለሻለሽ። ዲ4ን ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል፣ ዲ2ን ግን ከዲቪኤልኤ (ላይሰንስ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት) አዘሽ በፖስታ ይመጣልሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እዘዢ። ዲ4ቱ ዶክተሩ ከፈረመ በኋላ አራት ወር ነው የሚያገለግለው። ሁለቱን ፎርም ከላይሰንስሽ ጋር ስዋንሲ ወደ ዲቪኤልኤ ትልኪያለሽ፣ ሎሪውን ለመጨመር ዲቪኤልኤ አያስከፍልም። ከመላክሽ በፊት የሁሉንም ገጽ ፎቶ አንሺ።