በውጭ አገር ሕፃናትን እንግሊዝኛ ለማስተማር ውል ከመፈረሜ በፊት ምን ላጣራ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ቻይና ውስጥ የሚገኝ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ማዕከል ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆናቸውን ልጆች እንግሊዝኛ እንዳስተምር የሥራ ውል ልኮልኛል። የመጀመሪያ ዲግሪና የ120 ሰዓት የቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ሥልጠና) ምስክር ወረቀት አለኝ፤ እስካሁን ያስተማርኩት ግን አዋቂዎችን ብቻ ነው። ማዕከሉ በቱሪስት ቪዛ ገብቼ ሥራ እንድጀምርና የሥራ ፈቃዱን እዚያው እንደሚጨርስልኝ ነግሮኛል። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው? አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቁ ሕፃናትንስ ከምን ጀምሬ ላስተምር?

መልስ 1

እባክዎ በቱሪስት ቪዛ አይሂዱ። ሕጋዊው መንገድ ቀጣሪው አስቀድሞ የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ አስወጥቶ ሲልክልዎ፣ እርስዎም ባሉበት አገር ከቻይና ኤምባሲ የዜድ ቪዛ (የሥራ ቪዛ) ወስደው መግባት፣ ከገቡም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጥፋቱ ከባድ ከሆነም ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ቅጣቱ የሚያርፈው በእርስዎ ላይም ጭምር ስለሆነ «እዚያው እንጨርስልሃለን» የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንዎትም። በተጨማሪም የቋንቋ መምህር በመርሕ ደረጃ አፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር ስለሚጠበቅ፣ ፓስፖርትዎ የየትኛው አገር እንደሆነ ለማዕከሉ በግልጽ ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ደቡብ ኮሪያም ለእንግሊዝኛ መምህራን የኢ-2 ቪዛ የምትሰጠው በመሠረቱ ለ7 አገሮች ዜጎች ነው።

መልስ 2

እኔን ያሳሰበኝ የልጆቹ ዕድሜ ነው። ቻይና በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ መሠረት ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናትን የውጭ ቋንቋን ጨምሮ የትምህርት ዓይነቶችን በማሠልጠኛ ማዕከል ማስተማር ተከልክሏል፤ የግዴታ ትምህርት ላይ ላሉት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓላትና በእረፍት ወራት መስጠት አይፈቀድም። ስለዚህ ማዕከሉ የ5 ዓመት ልጆችን በምን ፈቃድ እንደሚያስተምር ይጠይቁ፤ የፈቃዱንም ቅጂ ይዩ።

መልስ 3

ስለ ክፍሉ ልመልስልዎ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄምስ አሸር ያዳበረው በትእዛዝና በእንቅስቃሴ የማስተማር ዘዴ ለዚህ ዕድሜ እጅግ ይስማማል። «ስታንድ አፕ» ብለው ራስዎ ይነሡ፤ «ተች ዘ ዶር» ብለው በሩን ይንኩ፤ ልጆቹ ሳይናገሩ ብቻ ይከተሉዎት። በኋላ እርስዎ ሳይንቀሳቀሱ ያዝዟቸው፤ ቃላቱን ሲለምዱም ትእዛዙን አንዱ ልጅ ይስጥ። መጀመሪያ ላይ ዝም የሚል ልጅ አለመማሩ አይደለም፣ እየሰማ ነው፤ እንዲናገር አያስጨንቁት። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። ይልቁንም እቃውን እንዲያመጣልዎ ይዘዙት፤ መረዳቱን ያን ጊዜ ያውቃሉ። ሲሳሳትም አቋርጠው አያርሙት፤ ትክክለኛውን አባባል ራስዎ ደግመው ያሰሙትና ጨዋታውን ይቀጥሉ።