ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑብኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ማትረፍ ይቻላል?

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው፤ በጣም ጨንቆኛል። ሐሙስ ፒያሳ ፕሪንት ላስደርግ ሄጄ ፍላሼን ሰክቼ ነበር። ማታ ቤት ኮምፒውተራችን ላይ ስከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ምልክት) ሆነዋል፤ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አለች፣ መጠናቸውም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ። አንዱን ስጫነው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዲ ድራይቭ ላይ ያለውም እንደዚያው ሆነ።

ተስፋ የሰጠኝ አንድ ነገር አለ፦ ድራይቩ የያዘው ቦታ አልቀነሰም። ስለዚህ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም ብዬ አስባለሁ። የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ባዝዘውም ግን ምንም አልወጣም። በሲኤምዲ (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የዊንዶውስ መስኮት) አትሪብ የሚባል፣ የተደበቀን ፋይል የሚገልጥ ትእዛዝ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አጻጻፉን የሚያሳየኝ አለ? ቅድሚያ ቫይረሱን ላጥፋ ወይስ ፋይሎቹን ላውጣ?

ጥገና ቤት "ፎርማት ይደረግ" (ያለው ሁሉ ይሰረዝ ማለት ነው) ሲሉኝ እምቢ ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ጽሑፉ ለጥምቀት የቀሃ ወንዝ ውኃ ወደ ፋሲል መዋኛ ስለሚገባበት መንገድ ነው። ከአባቶች ጋር ያደረግሁት ቃለ መጠይቅ ሌላ ቅጂ የለውም። አማካሪዬ ሰኞ ይጠብቁኛል፤ እባካችሁ የምታውቁ ድረሱልኝ።